ላላመነ አንባቢ መጻፍ፦ የአሳማኝ ጽሑፍ አሠራር ደረጃ በደረጃ

ማሳመን ያለብን ያላመነውን ሰው ነው። ይሁን እንጂ በጋዜጣ የአስተያየት ዓምዶች፣ በማኅበራዊ መገናኛዎች፣ ለየመሥሪያ ቤቱ በሚገቡ ማመልከቻዎችና በተማሪዎች ድርሰት ውስጥ የምናነበው አብዛኛው ክርክር የተጻፈው አስቀድሞ ከጸሐፊው ጋር ለተስማማ ሰው ነው። ደጋፊው ያጨበጭብለታል። ተቃዋሚው ሁለት መስመር አንብቦ ይተወዋል። ውሳኔ ሰጪው ደግሞ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አጣጥፎ ያስቀምጠዋል።

ይህ መመሪያ የ12ኛ ክፍል አመዛዛኝ ድርሰት ለሚጽፍ ተማሪ፣ ለወረዳ ማመልከቻ ለሚያዘጋጅ የወላጅ ኮሚቴ፣ ለአለቃው የሥራ ሐሳብ ለሚያቀርብ ሠራተኛ ይሆናል። በሁሉም ደረጃ ላይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ “አይሆንም” የሚለውን አንባቢ ከፊት ለፊትዎ አስቀምጠው እንዲሠሩ።

አንደኛ፦ አቋምን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ

“ትምህርት ለአገር እድገት ጠቃሚ ነው” የሚለው ሐሳብ ክርክር አይወጣውም፤ ተቃዋሚ የለውም። “ከ8ኛ ክፍል በታች ያሉ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ መከልከል አለበት” ቢባል ግን ክርክሩ ተጀመረ። ከሰፈሩ ርቆ የሚማር ልጅ ቢታመም ወላጁን በምን ያገኛል የሚል አስተዋይ ሰው ወዲያው ይነሣል። መፈተኛው ይህ ነው፤ አቋምዎን በአሉታ ገልብጠው ያንብቡት፤ ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው የተገለበጠውን ሊይዝ የማይችል ከሆነ ርዕሱን ይቀይሩ ወይም ያጥብቡ።

ማመልከቻ ሲሆን ደግሞ አቋሙ ጥያቄ መሆን አለበት። እስከ መጨረሻው የምንከተለው ምሳሌ ይኑረን። የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች በበሩ ፊት ለፊት በሚያልፈው አስፋልት ላይ ለልጆቻቸው ይሰጋሉ እንበል። የመጀመሪያው ረቂቃቸው “በትምህርት ቤታችን አካባቢ ያለው የመንገድ ደኅንነት ችግር አፋጣኝ መፍትሔ ይሻል” ይላል። ይህን የሚክድ ኃላፊ የለም፤ ይህን አንብቦ ነገ ጠዋት ምን መሥራት እንዳለበት የሚያውቅ ኃላፊም የለም። “በትምህርት ቤቱ ዋና በር ፊት ለፊት ዜብራ እንዲቀባልን፣ ከበሩ ግራና ቀኝም የፍጥነት መቀነሻ ከመስከረም በፊት እንዲሠራልን እንጠይቃለን” ሲባል ግን ምን፣ የትና መቼ የሚሉት ሁሉ መልስ አግኝተዋል። አሁን ሊስማሙበት ወይም ሊቃወሙት የሚቻል ነገር ወረቀቱ ላይ አለ።

ሁለተኛ፦ አንድ ታላቅ ክርክር እርሳስ ይዞ ማንበብ

ከመጻፍ በፊት ማንበብ ይቀድማል። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር (ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፊት ለነበረው የአገሮች ማኅበር) ያደረጉትን ንግግር ነው። የምመርጠው በስሙ ታላቅነት ብቻ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳይኛ አሳምረው እያወቁ የተናገሩት በአማርኛ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በአዳራሹ የተቀመጠው አድማጭ ለማመን ፈቃደኛ ያልሆነ አድማጭ ነበር። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራውን ጀምራ፣ በሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባን ይዛ ነበር። የማኅበሩ ኃያላን አባላት ጉዳዩ እንዲዘጋና በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ይፈልጉ ነበር። ከዚህ የከበደ አንባቢም አድማጭም ማንም አይገጥመውም።

ጽሑፉን አትመው በኅዳጉ ላይ እርሳስ ይዘው ያንብቡት። አንቀጹ ምን እንደሚል አይጻፉ፤ ምን እንደሚሠራ ይጻፉ። “ማንነቱን ያስተዋውቃል”፣ “ማስረጃ ያቀርባል”፣ “ተቃውሞ ይመልሳል”፣ “ለዳኛው ጥቅም ያሳያል” እያሉ ምልክት ያድርጉ። ይህን ልማድ የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ርዕሰ አንቀጽ ሲያነብ የውስጥ አጥንቱን ማየት ይጀምራል።

መግቢያውን ይመልከቱ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሲያውኩ ንጉሠ ነገሥቱ ረጋ ብለው ጠበቁ፤ ሁከተኞቹም ከአዳራሹ ተወሰዱ። ከዚያ ንግግራቸውን የጀመሩት ሊቀርብባቸው የሚችለውን የመጀመሪያ ጥያቄ ራሳቸው በማንሣት ነው። የአንድ አገር መሪ ራሱ በዚህ ጉባኤ ቆሞ ሲናገር ከዚህ በፊት ታይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ እንዲህ ያለ ግፍ ተፈጽሞበት ለወራሪው ተላልፎ ሊሰጥ ሲቃረብም ታይቶ አያውቅም የሚል መልእክት ያለው መግቢያ ነው። አድማጩ “ይህ ከሥርዓት የወጣ ነው” ብሎ ገና ሊያስብ ሲል፣ ከሥርዓት የወጣው የትኛው እንደሆነ በዚያው ሚዛን ተለክቶ ቀረበለት። የማንነት ጥያቄም አብሮ ተመለሰ፤ ተናጋሪው የመጡት የሆነውን ያዩ ምስክር ሆነው ነው።

ቀጥሎ የመርዝ ጋዙ ምስክርነት ይመጣል። እዚህ ላይ ቀስ ብለው ያንብቡ፤ የንግግሩ ጉልበት ያለው እዚህ ነው። በመጀመሪያ በ1935 መጨረሻ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከአውሮፕላን የአስለቃሽ ጋዝ ቦምብ ይጣል ነበር፤ ወታደሮቹ ነፋስ ጋዙን እስኪበትነው መበተንን ተማሩ። ከዚያ የሰናፍጭ ጋዝ በበርሜል ተጣለ፤ ይህም የሚጎዳው ጥቂት ወታደሮችን ብቻ ነበር፤ መሬት ላይ የወደቀው በርሜል ራሱ ማስጠንቀቂያ ሆነ። በመጨረሻ፣ የኢትዮጵያ ጦር መቀሌን ለመክበብ በሚዋጋበት ጊዜ፣ በአውሮፕላኖች ላይ መርጫ ተገጠመ። ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ ሲያልፉ ከሁሉም የሚወጣው ጉም አንድ ሆኖ አገሩን ይሸፍን ነበር፤ ወታደሩን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙንና ግጦሹን። በንግግሩ ውስጥ ጠንካራ የቁጣ ቃላትም አሉ። የሚሸከማቸው ግን ይህ ዝርዝር ነው። አንባቢ ዘዴው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተሻሻለ መሄዱን ሲያይ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ራሱ ይደመድማል። ራሱ የደረሰበትን መደምደሚያ ደግሞ ማንም ከእጁ አያስጥለውም።

ከዚያ ንጽጽር አለ። በአንድ ወገን ከ42 ሚሊዮን በላይ ሕዝብና ዘመናዊ የጦር መሣሪያ የሚያመርት ኢንዱስትሪ ያለው መንግሥት፣ በሌላ ወገን መሣሪያም ሀብትም የሌለው የ12 ሚሊዮን ሕዝብ፤ ያለው የእውነቱ መብትና ማኅበሩ የገባለት ቃል ብቻ። ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

የእኔን ትኩረት ሁልጊዜ የሚስበው ግን የተቃውሞው አመላለስ ነው። በጊዜው የነበረው ትልቁ መከራከሪያ ማዕቀቡ ውጤት ስላላመጣ ይነሣ የሚል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ውጤት አለማምጣቱን አልካዱም። ሆን ተብሎ ያነሰና ሆን ተብሎ በአግባቡ ሥራ ላይ ያልዋለ ማዕቀብ ወራሪን ሊያስቆም አይችልም ነበር፤ የታየው ወራሪን ለማስቆም አለመቻል አይደለም፣ ለማስቆም አለመፈለግ ነው አሉ። ከዚያም ማስረጃቸውን አከሉ፤ ኢትዮጵያ መሣሪያ መግዣ የገንዘብ እርዳታ ብትጠይቅ ተከለከለች፤ ማኅበሩ ግን በሰላም ጊዜ እንኳ ለሁለት አገሮች የገንዘብ እርዳታ ሰጥቷል፤ ሁለቱም በወራሪው ላይ ማዕቀብ ለመጣል እምቢ ያሉ ናቸው። ተቃዋሚው ይዞት የመጣው እውነታ አልተነካም። ከእውነታው የተነሣው መደምደሚያ ብቻ ተገለበጠ። ከመላው ንግግር አንድ ክፍል ብቻ የማጥናት ጊዜ ካለዎት ይህን ያጥኑ።

መጨረሻው ላይ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአድማጮቹ ሆነ። የተፈረመ ውል ዋጋ፣ የትናንሽ አገሮች ደኅንነት፣ የማኅበሩ ራሱ መኖር አለመኖር ጥያቄ ውስጥ ገባ። ንግግሩም ወደ ሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ በሚል ጥያቄ አበቃ፤ መልስ መስጠት ያለባቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

በሐምሌ ወር ማዕቀቡ ተነሣ። ክርክሩ ተሸነፈ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ኃያላኑ ውሳኔያቸውን የወሰኑት ከአዳራሹ ውጭ፣ በጦርነት ፍርሃትና በራሳቸው ጥቅም ነበር። ጥሩ ክርክር ዳኛውን ማስገደድ አይችልም፤ ዳኛው አላውቅም ነበር እንዳይል ማድረግ ግን ይችላል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ጸሐፊ ከብዕሩ የማይገኘውን አይጠብቅም፤ የሚገኘውን ግን ሳያወጣ አይተውም።

ሦስተኛ፦ ውሳኔ ሰጪውን ማወቅ

ጽሑፉን የሚያነቡት ብዙ ቢሆኑም የሚወስነው አንድ ወይም ጥቂት ሰው ነው። ስሙን ባያውቁ እንኳ ኃላፊነቱን ይወቁ። በመንገዱ ምሳሌ የሚወስነው የመንገድ ሥራ ኃላፊ ነው። ይህ ሰው ልጆችን አይጠላም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ በጀት የት አለ፣ ለእነዚህ ከሠራሁ የጎረቤቱ ትምህርት ቤት ነገ ይመጣል፣ የበላዬ ቢጠይቀኝ በምን አስረዳለሁ። እንግዲህ ማመልከቻው ለዚህ ኃላፊ በእጁ የሚይዘው ምክንያት መስጠት አለበት፤ ለአለቃው እንዲያሳየው።

ለፈተና ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ ዳኛው አራሚው መምህር ነው። መምህሩ አቋሙን ይደግፍ አይደግፍ ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ምክንያቶቹ ተያይዘው እንደሆነ ነው።

አራተኛ፦ ምክንያትንና ማስረጃን ማገናኘት

በወረቀት ግራ በኩል ምክንያቶችዎን፣ ቀኝ በኩል ለእያንዳንዱ ያለዎትን ማስረጃ ይጻፉ። ባዶ የቀረ ቀኝ ካለ ያ ምክንያት ገና ስሜት ነው። ከዚያ ሁለት ጥያቄዎችን በእያንዳንዱ መስመር ላይ ይጠይቁ፦ “በምን አወቁ?” እና “ቢሆንስ ታዲያ?” የመጀመሪያው ማስረጃውን ይፈትናል፤ ሁለተኛው ማስረጃው ከአቋምዎ ጋር ይገናኝ እንደሆነ። ብዙ ጽሑፍ የሚወድቀው በሁለተኛው ነው። “በመንገዱ ብዙ መኪና ያልፋል” እውነት ይሆናል፤ ቢሆንስ ታዲያ? ብዙ መኪና ያለበት መንገድ ሁሉ ጉብታ አይሠራለትም። “ልጆች በሚገቡበት ሰዓት ነው መኪናው የሚበዛው፤ በሩ ደግሞ በመታጠፊያ ላይ ስለሆነ ሾፌሩ ልጁን የሚያየው ከተጠጋ በኋላ ነው” ሲባል ግን ማስረጃው ጥያቄውን ነካ።

ማስረጃ ለማግኘት ጥናት የሚያካሂድ ተቋም መሆን አያስፈልግም። ወላጆቹ እንዲህ ማድረግ ይችላሉ። ሁለት ሰዎች ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 2፡15 በበሩ ላይ ይቆማሉ። አንደኛው አንድ ወረቀት በአራት ዓምድ ከፍሎ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የጭነት መኪናና የቤት መኪና እያለ ባለፈ ቁጥር አንድ ጭረት ያደርጋል፤ አምስተኛውን ጭረት በአራቱ ላይ አግድም ያሰምራል፤ ለመደመር ይመቻል። ሁለተኛው መንገዱን የሚያቋርጡ ልጆችን ይቆጥራል፤ ብቻቸውን የሚያቋርጡትንና ከትልቅ ሰው ጋር የሚያቋርጡትን ለይቶ። በወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆጣሪዎቹ ስምና ፊርማ ይሰፍራል። በሌላ ቀንም ይደገማል። አንዱ ቀን ገበያ ከሆነ ሌላው ገበያ የሌለበት ይሁን፤ ከዚያ የሁለቱም ይቅረብ። የከፋውን ቀን ብቻ መርጦ ያቀረበ ሰው፣ ኃላፊው አንድ ጠዋት በመንገዱ ቢያልፍ ታማኝነቱን ያጣል።

ቁጥር ብቻ ግን አይበቃም። የበሩ ጥበቃ ያየውን በራሱ ቃል ይናገር፤ የታጠፈው መንገድ ከሾፌር ወንበር ምን እንደሚመስል ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ሌላ ትምህርት ቤት በር ላይ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቶ ከሆነ የትኛው እንደሆነ ይጠቀስ።

“እንደሚታወቀው”፣ “ማንም ሊክደው እንደማይችለው”፣ “ተብሎ ይታመናል” የሚሉ ሐረጎች ከብዕርዎ ሲወጡ ቆም ይበሉ። በአማርኛ አጻጻፋችን እነዚህ ሐረጎች ብዙ ጊዜ የሚገቡት ማስረጃ ሊገባ በሚገባው ቦታ ነው። የሚያምነው ማን ነው? በምን አመነ? መልሱን ካገኙ እሱን ይጻፉት፤ ካጡ ዓረፍተ ነገሩን ይሰርዙት።

አምስተኛ፦ የተቃዋሚውን ቃል መሸከም

በድሮው የሙግት ሥርዓት፣ በበላ ልበልሃ ዘመን፣ ሁለቱ ተሟጋቾች ፊት ለፊት ቆመው ይጠያየቁ ነበር። “ተጠየቅ” የተባለ ሰው ሳይመልስ ማለፍ አይችልም፤ ዳኛውም ተመልካቹም ያያል። በጽሑፍ ግን ተቃዋሚው ከቦታው የለም። ዝም ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ለዚህም ነው በጽሑፍ መከራከር ቀላል የሚመስለው። አንባቢው ግን በልቡ “ተጠየቅ” ይላል። መልስ ካላገኘ አይከራከርም፤ ዝም ብሎ አያምንም።

ስለዚህ ተቃዋሚው በቦታው ቢኖር የሚናገረውን፣ እሱ በሚናገረው ጥንካሬ ይጻፉ። አሠራሩ ይህ ነው። በጉዳዩ የማይስማማ አንድ ሰው ይፈልጉና ምክንያቱን ይጠይቁት፤ አይከራከሩት፣ ያድምጡት። የነገረዎትን ጽፈው መልሰው ያንብቡለት። “አዎ፣ እኔ ያልኩት ይህንኑ ነው” እስኪልዎት ድረስ ያስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ መልስ ይፈልጉ።

የመጀመሪያ ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፦

“አንዳንድ ግዴለሽ ሰዎች የፍጥነት መቀነሻ መኪና ያዘገያል ይላሉ፤ ለእነሱ የመኪና ፍጥነት ከሕፃናት ሕይወት ይበልጣል።”

ይህ ዓረፍተ ነገር ወላጆችን ደስ ያሰኛል። ኃላፊው ግን ራሱ ያንን ሐሳብ ይዞ ከሆነ ግዴለሽ ተብሏል። ከዚህ በኋላ የሚያነበው ስድቡን እያሰበ ነው። በዚህ ይተካ፦

“የፍጥነት መቀነሻው ተሽከርካሪዎችን ማዘግየቱ አይቀርም፤ በተለይ ወደ ጤና ጣቢያው ለሚጣደፍ አምቡላንስ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። በዚህ ምክንያት የምንጠይቀው በመንገዱ ሙሉ ርዝመት እንዲሠራ አይደለም፤ ከበሩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ቦታ ብቻ እንዲሠራ ነው። ይህም በቴክኒክ ምክንያት የማይቻል ሆኖ ከተገኘ፣ ዜብራው ተቀብቶ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ልጆችን የሚያሻግር ሰው እንዲቆም በአማራጭነት እናቀርባለን፤ የወላጅ ኮሚቴው በየተራ ሰው ለመመደብ ዝግጁ ነው።”

እዚህ ውስጥ ሦስት ሥራ ተሠርቷል። የተቃውሞው እውነተኛ ክፍል ታመነ፤ ጥያቄው በዚያው ልክ ጠበበ፤ ለ“አይቻልም” መልስ አማራጭ ቀረበ። ኃላፊው እምቢ ማለት ቢፈልግ አሁን ሌላ ምክንያት መፈለግ ይኖርበታል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሊመልሱት የማይችሉት ተቃውሞ ከገጠመዎት አቋምዎን ይለውጡ ወይም ያጥብቡ። ይህ ሽንፈት አይደለም። በጠበበ አቋም ላይ ጸንቶ መቆም፣ በሰፊ አቋም ላይ ከመወዛወዝ ይሻላል።

ስድስተኛ፦ ቢጋር ማውጣትና ረቂቁን መጻፍ

ቢጋሩ አጭር ይሁን። በአንድ ገጽ ላይ አቋሙን፣ ከሦስት የማይበልጡ ምክንያቶችን፣ ዋናውን ተቃውሞና መልሱን፣ እንዲሁም መጨረሻ የሚጠየቀውን ነገር ያስፍሩ። አምስትና ስድስት ምክንያት መደርደር ጽሑፉን ያጠነክረዋል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እንዲያውም ተቃዋሚው ከስድስቱ ደካማውን ይመርጥና እሱን ብቻ አፍርሶ ሁሉንም ያፈረሰ ይመስላል።

ቅደም ተከተሉ እንደ ጽሑፉ ዓይነት ይለያያል። ማመልከቻ ላይ ጥያቄውና ዋናው ምክንያት መጀመሪያ ይምጡ፤ ኃላፊው እስከ መጨረሻ ላያነብ ይችላል። ድርሰት ላይ ግን ብርቱውን ምክንያት ለመጨረሻ ያቆዩ፤ አራሚው እስከ መጨረሻ ያነባል፣ በአእምሮው የሚቀረውም የኋለኛው ነው።

እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ኃይለ ቃል ይኑረው፤ ሌሎቹ ዓረፍተ ነገሮች እሱን ያስረዱ። ለመፈተን ኃይለ ቃላቱን ብቻ አንድ በአንድ አውጥተው በተከታታይ ያንብቡ። ክርክሩ ከእነሱ ብቻ የሚገባ ከሆነ አጥንቱ ደህና ነው።

ሰባተኛ፦ ስሜትንና ቋንቋን በልክ መጠቀም

ስሜትን ከክርክር ማውጣት አለብን የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አላምንም። የልጅ ሕይወት ጉዳይ ሆኖ ስሜት የሌለበት ማመልከቻ ጸሐፊው ራሱ ግድ የሌለው ያስመስለዋል። ጥያቄው ስሜቱ ከምን ተነሣ የሚለው ነው። “የነገ አገር ተረካቢ ሕፃናት በየቀኑ ለአሰቃቂ እልቂት ተጋልጠዋል” ማለት ስሜት በቃላት ብዛት ለማምጣት መሞከር ነው። “የአንደኛ ክፍል ልጆች ቁመታቸው ከቆመ የሚኒባስ አፍንጫ ስለማይበልጥ፣ ከፊት ለፊቱ ሲያቋርጡ ሌላው ሾፌር አያያቸውም” ማለት ግን የታየ ነገርን መናገር ነው። አንባቢው ሾፌር ከሆነ እጁ መሪ ላይ ይጠነክራል።

አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ያስቀምጣል፤ ክብደቱም መጨረሻው ላይ ያርፋል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ከጻፉ በኋላ አጭር ያስከትሉ። ድግግሞሽን ሲጠቀሙ ሦስት ጊዜ ይበቃል። ጥያቄ ለመጠየቅም መልሱ የአንባቢው የሚሆንበትን ቦታ ይምረጡ። በየአንቀጹ “ታዲያ ይህ አያሳዝንም?” የሚል ጽሑፍ አንባቢን ያደክማል።

ስምንተኛ፦ የማታለያ መንገዶችን መለየት

እነዚህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው፤ በሌሎች ጽሑፍ ውስጥ ሲያገኟቸው አይታለሉም፣ በራስዎ ውስጥ ሲያገኟቸው ይሰርዟቸዋል።

“ሁሉም እየተመዘገበ ነው፣ እርስዎ ምን ይጠብቃሉ?” የሚለው ማስታወቂያ የሰው ብዛትን በምክንያት ቦታ ያስቀምጣል። ሰው ሰብስቦ ገንዘብ የሚያስከፍሉ የማጭበርበሪያ ድርጅቶች ሁሉ የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። “ወይ ከእኛ ጋር ነህ ወይ ከጠላት” የሚለው በመካከል ያሉትን ብዙ መንገዶች ይደብቃል። የተናጋሪውን ትውልድ፣ ሃይማኖት ወይም ደመወዝ አንሥቶ ሐሳቡን ማጣጣል ሐሳቡን አይመልስም፤ በእኛ ማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ እጅግ የተስፋፋውና ብዙ ጉዳት ያደረሰው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ታዋቂ አትሌት ወይም ዘፋኝ ስለ መድኃኒት ሲመሰክር ደግሞ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ሙያው ነው?

ምሳሌያዊ አነጋገርም የራሱ ጉዳይ አለው። “ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ” ያልን ሕዝብ ነን፤ ጥሩ ተረት ክርክሩን ያሳምራል፣ ሰብሳቢውንም ፈገግ ያሰኛል። ማስረጃ ግን አይሆንም። “ዝም አይነቅዝም” ያለው አባባል “ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል” ከሚለው ጋር በአንድ ቋንቋ አብሮ ይኖራል፤ ሁለቱም ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አለ። ስለዚህ ተረቱን የትኛው ሁኔታ ላይ እንደሆንን ካስረዱ በኋላ ያምጡት፤ ቀድሞ ከመጣ ማስረዳቱን ያስቀረዋል። አንድ ሽማግሌ በስብሰባ ላይ ተረት ተናግረው ሁሉም “ልክ ነው” ብሎ ሲበተን፣ ጉዳዩ ተመርምሮ ነው ወይስ በአነጋገሩ ተማርኮ የሚለውን ቆም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለሽማግሌው ያለንን አክብሮት ሳንቀንስ።

ዘጠነኛ፦ ማረም፣ ማስገባትና መከታተል

ረቂቁን አንድ ቀን አስቀምጠው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት። ትንፋሽ ያጠረዎት ቦታ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ያፈሩበት ቦታ አጋንነዋል። ከዚያ ቀደም ብለው ያደመጡት የማይስማማ ሰው ያንብበው፤ “ጥሩ ነው” የሚል ወዳጅ ለዚህ አይረባም። የት ላይ ማመን እንዳቆመ በእርሳስ እንዲያሰምር ይጠይቁት፤ ለምን እንደሆነ ባያስረዳም ቦታው ይበቃል።

ማመልከቻ ከሆነ ከአንድ ገጽ አይለፍ። የቆጠራው ወረቀት፣ ፎቶግራፉና የወላጆች ፊርማ በአባሪነት ይያያዙ፤ ስንት ገጽ አባሪ እንዳለ በደብዳቤው ግርጌ ይጠቀስ። ግልባጭ ለሚመለከተው የትራፊክ ክፍልና ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይደረግ። መዝገብ ቤት ሲያስገቡ በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን እንዲጻፍ፣ ማኅተም እንዲያርፍ ያድርጉ። ያለዚህ ቁጥር ደብዳቤው መግባቱን የሚያስረዳ ነገር አይኖርዎትም።

መልስ ሲመጣ፣ “በበጀት እጥረት ምክንያት ለጊዜው ማስተናገድ አንችልም” ቢል፣ ተስፋ ቆርጠው ወይም ተቆጥተው ያንኑ ደብዳቤ ደግመው አያስገቡ። አሁን እስከ ዛሬ የገመቱት ተቃውሞ በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ በእጅዎ አለ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ከእሱ ይጀምሩ፦ “በቁጥር ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል በተጻፈልን ደብዳቤ የፍጥነት መቀነሻው በበጀት እጥረት ምክንያት ለጊዜው እንደማይሠራ ተገልጾልናል። ዜብራ ለመቀባት የሚያስፈልገው ወጪ ከዚያ ያነሰ በመሆኑ፣ እሱ ብቻ አስቀድሞ እንዲሠራልን፣ ቀሪውም በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ እንዲያዝልን እንጠይቃለን።”